ጋዙ ከየት ይወሰድ? በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ የጋዝ መንገድ፣ ርዝመቱና ክፍሎቹ

በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ከሚተኩሰው ጥይት ጉልበት ላይ ጥቂት ቀንሶ ለሚቀጥለው ጥይት ያውላል። አረሩ በርሜሉን ሳይለቅ ከኋላው የሚገፋው የባሩድ ጋዝ ከፊሉ በርሜሉ ጎን ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ወጥቶም መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቀለሁ ይወረወራል፤ ሞላው መዝጊያውን ሲመልሰው አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ቀዳዳዋ ለተኳሹ ቀርባ ከሆነ ጠመንጃው በኃይል ይንቀሳቀሳል፤ ርቃ ከሆነ በለዘብታ። ጠመንጃው ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው፣ ትከሻን እንዴት እንደሚመታና በክፉ ቀን መታመን አለመታመኑን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ይህ ርቀት ነው።

ጥያቄው በግለሰብ ደረጃ የሚነሳው በርሜሉን፣ የጋዝ ቱቦውን፣ መዝጊያውንና ሞላውን ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠም በተለመደበት በአሜሪካ ነው። እዚያ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለአደንና ለዒላማ ተኩስ ጠመንጃ የሚይዙ አሉ። በአፍሪካ ቀንድ ግን ምርጫውን ያደረጉልን መንግሥታትና የጦር መጋዘኖች ናቸው። ከሐረር እስከ ሐርጌሳ፣ ከጎንደር እስከ ሐርጌሳው ሼክ ኑር ሰፈር ድረስ በሰው እጅ ያለው መሣሪያ በገበያ የተመረጠ ሳይሆን በታሪክ የደረሰ ነው። ይህ ዳሰሳ ሁለቱንም ዓለም አብሮ ያያል። የጋዝ መንገድ መመረጥ ያለበት ከጥይቱ፣ ከአየሩና ከጠጋኙ ሙያ ተነስቶ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከክፍሎች ካታሎግ የሚነሳ ሰው ብዙ ከፍሎ ትንሽ ያገኛል። ዓመቶቹ የተለየ ነገር ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዲት ሺህኛ ሰከንድ

ቃታው ተስቦ ባሩዱ ሲቀጣጠል በጥይቱ ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ወዲያው ወደ ጣሪያው ይደርሳል። አረሩ ወደ አፈሙዙ ሲገሰግስ ከኋላው ያለው ቦታ ስለሚሰፋ ግፊቱ በየሳንቲሜትሩ ይወርዳል። አረሩ ግማሽ ሜትር ያህል በርሜል አቋርጦ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሚሊሰከንድ ግድም ነው። የጋዝ መንገድ ነገር ሁሉ የሚያልቀው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው።

ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው አረሩ ቀዳዳዋን ሲያልፍ እዚያ ያለው ግፊት ነው። ቀዳዳዋ ወደ ጥይቱ ክፍል በቀረበች ቁጥር ጋዙ የበለጠ ይሞቃል፤ ግፊቱም ይከብዳል። ሁለተኛው አረሩ ቀዳዳዋን ካለፈ በኋላ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ነው። አረሩ እንደ ውታፍ ከፊት ዘግቶ እስካለ ድረስ ጋዙ ወደ ቀዳዳዋ ይገባል፤ ሲወጣ ግፊቱ ይበተናል። ስለዚህ ጠመንጃው የሚያገኘው ጉልበት የግፊቱ፣ የጊዜውና የቀዳዳዋ ስፋት ድምር ውጤት ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ስለ ጋዝ የሚናገር ሰው ሊሳሳት ይችላል።

ጋዙ ሲበዛ የሚመጣው ጉዳት ከትከሻ ምት ያለፈ ነው። የነሐስ ቀለህ በተኩስ ግፊት ተለጥጦ ከጥይቱ ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ግፊቱ ሲወርድ ይላቀቃል። መዝጊያው ቀድሞ ከተከፈተ ግን ቀለሁ ገና ሳይላቀቅ ነው የሚጎተተው። ያኔ ቀለህ ሳቢው ጥፍር የቀለሁን ከንፈር ይቦጭቃል፤ አለዚያም ራሱ ይሰበራል። የመዝጊያው ጥርሶች ይደክማሉ፤ መዝጊያው ከካዝናው ሞላ ፈጥኖ ስለሚመለስ ጥይት ሳያነሳ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። ጋዙ ሲያንስ ደግሞ መዝጊያው መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል፤ ቀለሁ በመውጫው ላይ ተነክሶ ይቀራል። ሁለቱ በሽታዎች አንዳንዴ አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው መድኃኒቱን ይገለብጠዋል።

በአሜሪካው ኤም 16 ዘር ጠመንጃዎች ላይ ምርመራው የሚጀመረው የወደቁትን ቀለሆች በማየት ነው። ከተኳሹ በቀኝ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ አንድ ቦታ ከተከማቹ መዝጊያው በልኩ እየሄደ ነው። ወደ ፊት በኃይል ከተስፈነጠሩ ጋዙ ሳይበዛ አይቀርም፤ ሁሉም ወደ ኋላ ተጠግተው ከወደቁ ጉልበቱ ደክሟል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ቀለህ አንስቶ ከንፈሩን ማየት ነው፦ የታጠፈ ወይም የተቦጨቀ ከንፈር መዝጊያው ቀድሞ እንደሚከፈት ይናገራል።

በእጃችን ያለፉት

አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ከአፈሙዝ የሚወጣው ጋዝ ሣሩን ሲያጎነብሰው አይቶ ያንን ጉልበት ለሥራ ለማዋል ሙከራ የጀመረው በ1889 ነው። ዐፄ ምኒልክ አድዋ ላይ ሲዋጉ በሠራዊቱ እጅ የነበሩት ጠመንጃዎች ሁሉ በእጅ የሚቀባበሉ ነበሩ። በራሱ የሚያጎርስ የጋዝ ጠመንጃ በቁጥር ትንሽ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው፤ የቼኮዝሎቫኪያው የብርኖ ፋብሪካ ዜድኤች-29 ከገዙት ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

በብዛት የመጣው ግን ኤም ዋን ነው። አሜሪካ በ1936 የተቀበለችው ይህ ጠመንጃ ጋዙን የሚወስደው ከአፈሙዙ ጫፍ አጠገብ ነው። እዚያ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅሙ የብረት ዘንግ ግን ለጥይት ዓይነት ስሱ ነው፤ ባሩዱ ቀስ ብሎ የሚነድና ከባድ አረር ያለው ጥይት ዘንጉን ሊያጎብጠው ይችላል። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲዘምት በአሜሪካ መሣሪያ ታጥቆ ነበር፤ ከ1953ቱ የሁለቱ አገሮች የመከላከያ ስምምነት በኋላም የአሜሪካ ጠመንጃ ለክብር ዘበኛና ለጦር ሠራዊት መምጣቱን ቀጠለ። ኤም ዋን ካርባይን የተባለው አጭሩ መሣሪያ ሌላ መንገድ ተከትሏል፦ ፒስተኗ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ተንቀሳቅሳ መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰውን ተንሸራታች ዘንግ ትመታና ትቆማለች፤ የቀረውን መንገድ ዘንጉ በተሰጠው ግፊት ይሄዳል። ይህ አጭር ምት የሚባለው ነው። የሩሲያው ሲሞኖቭ ጠመንጃም የሚሠራው በአጭር ምት ነው።

ክላሽንኮቭ በረጅም ምት ይሠራል። ፒስተኑ ከመዝጊያው ተሸካሚ ጋር አንድ አካል ሆኖ እስከ ኋላ ይሄዳል። ሶቪየት ኅብረት በ1949 የተቀበለችው ይህ መሣሪያ በርሜሉ 415 ሚሊሜትር ነው፤ አረሩ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የጋዝ ማስተካከያ የለውም። ንድፍ አውጪዎቹ ለመደበኛ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ጋዝ እንዲወስድ አድርገው ትርፉ በመተንፈሻ ቀዳዳዎች እንዲወጣ አደረጉ። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ከባዱ ብረት ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲመላለስ ጠመንጃው ይናወጣል፤ ዒላማ ላይ መልሶ ማረፍ ጊዜ ይወስዳል።

የ1977ቱ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የአሜሪካንና የሶቪየትን መሣሪያ ሁለት ዓለማት ገለባበጣቸው። ሶማሊያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ ስትታጠቅ ኢትዮጵያ የአሜሪካን ይዛ ነበር። በኅዳር 1977 ሶማሊያ ሶቪየቶችን አስወጣች፤ ሶቪየቶችም በአየርና በባሕር ድልድይ ለኢትዮጵያ መሣሪያ ማጉረፍ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ክላሽ የኢትዮጵያ ሠራዊት መደበኛ ጠመንጃ ሆነ፤ ሶማሊያ ደግሞ ከምዕራቡ ዓለም መቀበል ያዘች። በሰኔ 1988፣ የሶማሊያ መንግሥት ጦር ሐርጌሳን በሚደበድብበት ወቅት፣ 1,200 ኤም 16 ጠመንጃዎች ከአሜሪካ በርበራ ወደብ ደረሱ። በሶማሌዎች እጅ ጂ3 የተባለው የጀርመን ጠመንጃም በርካታ ነው። ሶማሌላንድ ግንቦት 18 ቀን 1991 ነጻነቷን ስታውጅ በሕዝቧ እጅ የነበረው እንግዲህ የእነዚህ ሁሉ ቅይጥ ነበር።

ጂ3 በዚህ ዳሰሳ ቦታ የሚያገኘው ጋዝ የሚወስድ ቀዳዳ ጨርሶ ስለሌለው ነው። መዝጊያውን በሁለት ሮለሮች እያዘገየ በቀለሁ ግፊት ብቻ ይሠራል። ቀለሁ ገና ግፊት ሳለ ስለሚጎተት እንዳይጣበቅ የጥይቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ቁመተ ረጃጅም ቦዮች ተቀርጸዋል። ከጂ3 የወጣ ቀለህ በእጅ ሲገላበጥ ከአንገቱ ወደ ታች የወረዱ ጥቁር መስመሮች ዙሪያውን ይታያሉ፤ ያለ ጋዝ ቀዳዳ የመሥራት ዋጋ ነሐሱ ላይ ታትሞ የሚቀር ነው።

ኢትዮጵያ በራሷ እጅ ለመሥራት ያደረገችው ጥረትም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ባቋቋሙት መንደር መድፍ አስቀልጠዋል፤ በደርግ ዘመን የተጀመረው የመሣሪያ ፋብሪካም በኋላ ይህንኑ የጋፋት ስም ይዞ ኢቲ-97/1 የተባለ የክላሽ ቅጅ አምርቷል። የረጅም ምቱ ጋዝ በዚህ መንገድ የአገር ውስጥ ሙያ ሆነ።

አራቱ ርዝመቶች

የርዝመት ምርጫ በስፋት የሚነሳው በኤም 16 ዘር ጠመንጃዎች ላይ ነው። የንድፍ አውጪው የዩጂን ስቶነር ሥራ ጋዙን በቀጭን ቱቦ እስከ ተሸካሚው ድረስ ያመጣዋል፤ ጋዙ እዚያው በተሸካሚውና በመዝጊያው መካከል ተስፋፍቶ ይገፋል። ከፊት ፒስተን ስለሌለ ጠመንጃው ቀላል ነው፤ ግፊቱም በበርሜሉ መስመር ላይ ስለሚሆን ብዙ አይናወጥም። በአንጻሩ ሙቀትና ጥላሸት ወደ ውስጥ ይገባል። ቱቦው በተለያየ ርዝመት ስለሚሸጥ ገጣጣሚው መምረጥ አለበት።

የመጀመሪያው ሙሉው የጠመንጃ ርዝመት ነው፤ ቀዳዳዋ ከመዝጊያው ፊት ወደ 33 ሳንቲሜትር ትርቃለች። የተነደፈው ለ20 ኢንች ማለትም ለ50.8 ሳንቲሜትር በርሜል ነው። አረሩ ቀዳዳዋን ካለፈ በኋላ 18 ሳንቲሜትር ያህል ይቀረዋል። ከአራቱ ልዝቡ ይህ ነው፤ ክፍሎቹም ዕድሜ ያገኛሉ።

ሁለተኛው መካከለኛው ነው፤ ቀዳዳዋ በ25 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ናት። ሦስተኛው የካርባይን ርዝመት ሲሆን ቀዳዳዋ በ20 ሳንቲሜትር አካባቢ ትገኛለች። አራተኛው የሽጉጥ ርዝመት ይባላል፤ ከዚያም አጭር ነው። እጅግ ላጠሩ በርሜሎች ብቻ የሚሆን፣ ከሁሉ የበለጠ ሙቀትና ጉልበት የሚያመጣ ነው።

የካርባይኑ ርዝመት የመጣበትን መንገድ ማወቅ ምርጫውን ያቀልለዋል። በ1960ዎቹ በቬትናም ጦርነት ወቅት ኤም 16 ለልዩ ኃይሎች ሲያጥር በርሜሉ 10 እና 11.5 ኢንች ሆነ፤ ለዚያ አጭር በርሜል አጭር የጋዝ ቱቦ ተሠራለት። በ1994 አገልግሎት ላይ የዋለው ኤም 4 በርሜሉ ወደ 14.5 ኢንች ቢያድግም ያችኑ አጭር ቱቦ ወረሰ። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከ16 ኢንች ያነሰ በርሜል ላለው ጠመንጃ ልዩ ምዝገባ ስለሚጠይቅ ለሲቪል ገበያ የሚመረተው 16 ኢንች ሆነ፤ ቱቦው ግን ያው የአጭሩ ነው። በዚህ ምክንያት አረሩ ቀዳዳዋን ካለፈ በኋላ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ በርሜል ይቀረዋል፤ ከፍተኛ ግፊት ለረጅም ጊዜ ይገባል ማለት ነው። ለ10 ኢንች የተሰፋ ልብስ ለ16 ኢንች መልበስ ነው፤ ገበያው ለዓመታት ይህን እንደ ደንብ ተቀብሎ ኖረ።

መካከለኛው ርዝመት ከ2000ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ይህን ለማረም ነው። በ16 ኢንች በርሜል ላይ ሲገጠም ከቀዳዳዋ በኋላ የሚቀረው 16 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከመጀመሪያው ንድፍ ሚዛን ጋር ይቀራረባል። የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች ዕዝም ኤም 4ኤ1ን ሲያድስ ለ14.5 ኢንቹ በርሜል መካከለኛውን መምረጡ ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ተኳሾች ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፦ በርሜሉ በአስተማማኝ ሁኔታ እስከሚሸከመው ድረስ ረጅሙን የጋዝ መንገድ ምረጥ። ለ20 ኢንች ሙሉው፣ ለ16 መካከለኛው፣ ከ14 ኢንች በታች ለሆነው ካርባይኑ። 18 ኢንች በሁለት መካከል ነው፤ ሁልጊዜ ጥሩ ጥይት ለሚጠቀም ሰው ሙሉው ይስማማዋል፤ ርካሽና ደካማ ጥይት ለሚቀላቅል ግን መካከለኛው ይሻላል።

ከርዝመቱ በኋላ የሚመጡት

ርዝመቱ በትክክል ከተመረጠ የቀሩት ክፍሎች ሥራ ማስተካከል ይሆናል፤ ርዝመቱ ከተሳሳተ የቀሩት ሁሉ ማስታገሻ ይሆናሉ። በኤም 4 ላይ የሆነው ይኸው ነው። የአጭሩን ቱቦ ጉልበት ለመቋቋም የቀለህ ሳቢው ሞላ ተጠናከረ፤ በሰደፉ ውስጥ መዝጊያውን የሚያረግበው ማርገቢያም ከበደ። ሁለቱም ጠቅመዋል። የግፊቱ ምንጭ ግን እንደነበረ ነው።

የጋዝ ቀዳዳዋ ስፋት ከርዝመቱ እኩል ይመዝናል። ብዙ የንግድ በርሜል አምራቾች ደካማ ጥይት ሳይቀር እንዲሠራ፣ ደንበኛም «አልሠራም» ብሎ እንዳይመልስባቸው ቀዳዳዋን ያሰፏታል። መካከለኛ ርዝመት ብሎ የገዛ ሰው ሰፊ ቀዳዳ ይዞ ከካርባይን ያልተሻለ ጠመንጃ ሊያገኝ ይችላል። በርሜል ሲገዛ የቀዳዳዋን ልክ ከአምራቹ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አለመናገር የሚመርጥን አምራች መተው ይሻላል። ጠባብ ቀዳዳ ሊሰፋ ይችላል፤ የሰፋ ግን አይጠብም። ስለዚህ ይህ ሥራ ፈቃድ ላለው ጠመንጃ ሠሪ እንጂ ለቤት መሰርሰሪያ የሚሰጥ አይደለም።

ቀዳዳዋን ከቱቦው የሚያገናኘው የጋዝ ብሎክ በትክክል መደርደር አለበት። በጥቂቱ ቢዞር ወይም ወደ ፊት ቢሸሽ ጋዙ ይታነቃል፤ ባለቤቱም ሞላና ማርገቢያ እየቀያየረ ይደክማል። በብሎን ብቻ የተያዘ ብሎክ በሙቀትና በንዝረት ሊላላ ስለሚችል በፒን የተቸነከረ ይመረጣል።

የማርገቢያው ክብደት የመጨረሻው ማስተካከያ ነው። የካርባይኑ መደበኛ ማርገቢያ 85 ግራም ገደማ ሲመዝን ከባዶቹ እስከ 155 ግራም ይደርሳሉ። ክብደት ሲጨምር የመዝጊያው መከፈት ይዘገያል፤ ቀለሁም ለመላቀቅ ጊዜ ያገኛል። ተገቢው ዘዴ ከቀላሉ ጀምሮ አንድ ደረጃ እየጨመሩ መሄድ፣ በእያንዳንዱም ላይ ሊጠቀሙበት ባሰቡት ደካማ ጥይት መፈተን፣ ካዝናው ባዶ ሲሆን መዝጊያው ኋላ መቆሙን ማረጋገጥ ነው። መዝጊያውና በርሜሉ ከተለያየ አምራች ከመጡ በመዝጊያው ፊትና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለው ክፍተት ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት በመለኪያ መታየት አለበት፤ ክፍተቱ ከልክ ካለፈ ቀለሁ ተሰንጥቆ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል።

የሚስተካከል የጋዝ ብሎክ ብዙ ሰው ይወደዋል። ጥቅሙ እውነተኛ የሚሆነው ድምፅ ማፈኛ ለሚጠቀም ነው፤ ማፈኛው ጋዙን ስለሚያግድ ወደ ኋላ የሚመለሰው ይበዛል። ያለ ማፈኛ በአንድ ዓይነት ጥይት ለሚተኩስ ሰው በልኩ የተቀደደ ቀዳዳ ይበቃዋል። በጥላሸት የሚጣበቅ፣ በስህተት የሚዞር ተጨማሪ ብሎን ያለ ምክንያት ባይገባ ይመረጣል። ቀላል ተሸካሚም እንዲሁ ነው። ለውድድር ተኳሽ ፍጥነት ይሰጣል፤ ለአዳኝ ወይም ለዘብ ግን ቆሻሻን ሰብሮ የሚያልፈውን ክብደት ይቀንስበታል።

አቧራ፣ ቅይጥ ጥይትና ጠጋኝ

አሁን ጥያቄውን ሼክ ኑር ላይ እናሳርፈው። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደረቅ ከተማ ናት፤ በበጋው ነፋስ ሲነሳ አቧራው በበርና በመስኮት ይገባል። ወደ በርበራ ሲወረድ ደግሞ የባሕሩ ጨው አለ። እዚህ የዘብ ጠመንጃ አንድ ሺህ ጥይት ተኩሶ ላያውቅ ይችላል፤ ግን ለዓመታት በአቧራ ውስጥ ይቆያል፤ በሚፈለግበት ቀንም መሥራት አለበት።

ለአቧራ የተለካ ማስረጃ አለ። የአሜሪካ ጦር በ2007 አራት ዓይነት ጠመንጃዎችን፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት አሥር አሥር፣ በአቧራ ውስጥ እያንዳንዱን ዓይነት 60,000 ጥይት አስተኩሶ ነበር። ኤም 4 በ882 ጊዜ ተደናቀፈ፤ ሌሎቹ ሦስት፣ ሁሉም የአጭር ምት ፒስተን ያላቸው፣ 233፣ 226 እና 127 ጊዜ። ይህ በቱቦው መንገድና በፒስተኑ መካከል ልዩነት መኖሩን ያሳያል። ሆኖም ከኤም 4 ጥይቶች ያልሠሩት ከመቶ ሁለት አይሞሉም፤ ተገቢ ቅባት ያገኘ የቱቦ ጠመንጃ በአቧራ ይሠራል ማለት ነው። ቅባቱን የሚሰጠው እጅ በሌለበት ግን የፒስተኑ ብልጫ ይሰፋል።

የቬትናሙ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ኤም 16 በ1966 እና በ1967 ወታደሮችን በጦር ሜዳ የከዳው በንድፉ ብቻ አልነበረም። የባሩዱ ዓይነት ተቀይሮ የጋዙ ግፊት ከፍ አለ፤ መዝጊያው ፈጠነ፤ የጥይቱ ክፍል ክሮም አልተቀባም ነበር፤ የማጽጃ ዕቃም ለወታደሩ በበቂ አልታደለም። ለአንድ ባሩድ የተመዘነ የጋዝ መንገድ በሌላ ባሩድ ሲሠራ ሚዛኑን አጣ፤ ሰዎችም የተበላሸ ጠመንጃ እንደያዙ ሞቱ።

የቀንዱ ጥይት ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ነው። የሶቪየት፣ የቻይና፣ የምሥራቅ አውሮፓና የኢትዮጵያው ሆሚቾ ፋብሪካ ጥይት አንድ ካዝና ውስጥ ሊገናኝ ይችላል፤ ዕድሜውና አያያዙም አይታወቅም። በእንዲህ ያለ ቦታ በጥንቃቄ የተቆጠበ ጋዝ መጥፎ ምርጫ ነው፤ ደካማ ጥይት ሲገባ ጠመንጃው ይቆማል። የክላሽ ትርፍ ጋዝ እዚህ ብልህነት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ክላሽ በምንም አይበላሽም የሚለው አባባል ግን ልክ አይደለም። የደኅንነት ቁልፉ ወደ ታች ሲወርድ ጎኑ ላይ የሚከፈተው ቦታ አሸዋ ያስገባል፤ በድሮ የሶቪየትና የቻይና ጥይት መለኮሻ ውስጥ ያለው ኬሚካል ደግሞ ጨው ይተዋል። የጋዝ ቱቦው ሲወልቅ የፒስተኑ ራስ ላይ ጥቁር ቅርፊት፣ ከሥሩም የዝገት ጉድጓድ የሚታየው በዚህ ጨው ነው። ዘይት ብቻውን ጨውን አያሟሟም። በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው መፍትሔው። ፒስተኑ፣ ቱቦውና የጋዝ ክፍሉ የሚረሱ ቦታዎች ናቸው፤ በርሜሉን ብቻ የሚወለውል ሰው የጠመንጃውን ሳንባ ትቶታል።

መለዋወጫም ምርጫን ይወስናል። በደንቨር ወይም በዳላስ የተሰበረ ቀለህ ሳቢ በሁለት ቀን በፖስታ ይመጣል። በሐርጌሳ ወይም በባሕር ዳር የኤም 16 ጋዝ ቱቦ የት ይገኛል? ጥሩ ንድፍ ያለ መለዋወጫና ያለ ሙያተኛ ጌጥ ነው።

ፈቃድና ምዝገባ

የዚህ ምርጫ የመጀመሪያ ደረጃ ሕጉን ማወቅ ነው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሣሪያ መያዝን፣ ማምረትን፣ መጠገንን፣ ማዘዋወርንና ማስገባትን በፈቃድ አስሮታል። ስለዚህ በአገር ቤት ጠመንጃ ከክፍሎች መገጣጠም የግል ሙከራ ሊሆን አይችልም።

በአሜሪካ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያል፤ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው ቦታዎችም አንድ ዓይነት አይደሉም። በዋሽንግተን ዲሲ የኤም 16 ዘር ጠመንጃ የተከለከለ ነው፤ ሜሪላንድ ብዙዎቹን ከልክላ ጥቂቶቹን ትፈቅዳለች፤ ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት በ2023 ሽያጩን አግዳለች። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ በሕግ ከተዘረዘሩት ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ይሆንበታል። የጋዝ ቱቦ ወይም መዝጊያ ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ ወደ አገር ቤት መጓዝም በሁለቱም በኩል ያስጠይቃል። ዘመድን ለመርዳት የታሰበ ዕቃ ዘመድን ሊያሳስር ይችላል።

ሶማሌላንድ በዚህ ረገድ ልትጠና የሚገባት ናት። ከ1993ቱ የቦረማ ጉባኤ በኋላ ታጣቂዎች ከባድ መሣሪያቸውን አስረክበው ወደ ማንዴራ የማሰባሰቢያ ካምፕ ገብተዋል፤ ብዙው ጠመንጃ በየቤቱ ቢቀርም ከአደባባይ እንዲወርድ ሽማግሌዎችና መንግሥት ተስማምተዋል። በ1994 ሐርጌሳ ውስጥ የተነሳው ጦርነት ስምምነቱ ምን ያህል ተሰባሪ እንደነበረ አሳይቷል፤ ቢሆንም ተመልሶ ቆመ። ከስደት ካምፕ የተመለሱ ቤተሰቦች የሠፈሩባት ሼክ ኑር ቤት የሠራችው፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት የላከችው በዚያ ስምምነት ጥላ ሥር ነው። ስለ ጠመንጃ ክፍሎች የሚጻፍ ጽሑፍ ይህን ካልጠቀሰ ግማሹን ትቷል። ጠመንጃ የሚታመነው መዝጊያው ሲሠራና ባለቤቱ በስሙ ሲጠየቅበት ነው።

እንግዲህ ምን ይመረጥ?

ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለአደን ወይም ለዒላማ ጠመንጃ የሚያስገጥም ሰው ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። መጀመሪያ ጥይቱን ይወስን፤ ከዚያ ለሥራው የሚበቃውን የበርሜል ርዝመት፤ ከዚያ ያ በርሜል የሚሸከመውን ረጅሙን የጋዝ መንገድ፤ ከዚያ ልኩ የታወቀ ቀዳዳ፤ በመጨረሻ ሞላና ማርገቢያ። ለአብዛኛው ሰው መልሱ 16 ኢንች በርሜል ከመካከለኛ ርዝመት፣ በፒን ከተቸነከረ ብሎክ፣ ከሙሉ ክብደት ተሸካሚና ከአንድ ደረጃ ከበድ ካለ ማርገቢያ ጋር ነው። ማፈኛ ከሌለ ማስተካከያ አያስፈልግም።

አቧራ በበዛበት፣ ጥይት በተቀላቀለበት፣ ጠጋኝ በራቀበት አገር ለዘብ ወይም ለፖሊስ መሣሪያ የሚመርጥ ተቋም ግን ፒስተን ያለውን፣ ትርፍ ጋዝ የሚወስደውን፣ መለዋወጫው በአካባቢው የሚገኘውን ይያዝ፤ መናወጡን በሥልጠና ያርመው። ለአዲስ ሞዴል ከሚያወጣው ገንዘብ የተወሰነውን ለማጽጃ፣ ለመለኪያና ለሙያተኛ ደመወዝ ቢያውል ያሉት ጠመንጃዎች የበለጠ ያገለግሉታል። ሁለቱ መልሶች የተለያዩት ቦታዎቹ ስለሚለያዩ ነው፤ ደንቡ ግን አንድ ነው፦ በያዝከው ጥይትና በምትኖርበት አየር በእርግጠኝነት ለመሥራት የሚበቃህን ጋዝ ውሰድ፤ ከዚያ ያለፈውን በርሜሉ ውስጥ ተወው።